ባለ ጆሮ በሮች

የምነግራችሁን ነገር በከፊል አሳስቼ አስታውሼው ይሆናል። በዚያ አገር የቆየሁት አንድ ክረምት ብቻ ነው፤ ያውም በእንግድነት። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን ደግሞ "አሉ" ብዬ ለይቼ ለማስቀመጥ ሞክሬያለሁ። የአገሩን ስም አልጠራም። ብጠራውም ፈልጋችሁ የምታገኙት አይመስለኝም፤ በሮቹ በታደሱ ቁጥር የአገሩም ስም ይለወጣል አሉ።

በዚያ አገር የሰው ቤት በር ጆሮ አለው። ከመዝጊያው እንጨት ላይ፣ በሰው አፍ ትክክል፣ ተፈልፍሎ የተሠራ ጆሮ ነው። የቤቱ ባለቤት ጠጋ ብሎ ስሙን ሲናገር በሩ ድምፁን ይለይና ይከፈታል። ቁልፍ የለም፤ መወርወሪያ የለም፤ ማንኳኳትም እንደ ነውር ይቆጠራል። ደንቡ "አንድ በር፣ አንድ ድምፅ" ስለሚል ባል የሚከፍተውን ሚስት አትከፍተውም፤ እናት የምትከፍተውን ልጅ አይከፍተውም። ባል ገበያ ከዋለ ሚስት ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን ደጅ አስቀምጣ ትጠብቀዋለች። ይህ አያስቸግርም ወይ ብዬ ያሳደረኝን ገበሬ፣ አያ ጓንጉልን፣ ጠየቅሁት።

"እናንተ አገር በምንድን ነው የምትከፍቱት?" አለኝ።

"በቁልፍ።"

"ቁልፉ ቢጠፋስ?"

"ይሰበርና ሌላ ይሠራል።"

በአዘኔታ አየኝ። "ሰማሽ ማንጠግቦሽ?" አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። "እስካሁን ብረት ተሸክመው ይዞራሉ።"

በሮቹን የሚሠራው ኮረብታው ላይ ያለው የበር ግቢ ነው። የግቢው የበላይ ሊቀ መዝጊያ ይባላሉ፤ ፊታቸውን ያየ ሰው አላገኘሁም። ከእሳቸው በታች በየመንደሩ አንድ አንድ አጋፋሪ አለ። የእኛ መንደር አጋፋሪ ስንሻው የሚባል ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ሲናገር አንገቱን የሚያዘነብል ሰው ነበር። ክፉ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ።

የበሮቹ ዓይነት ሁለት ነው፤ ቀይና ጥቁር። ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ክረምቱን ሙሉ ጠይቄ አልገባኝም። ሰዎቹ ግን ይጣሉበታል፣ ይጋቡበታል፣ ይፋቱበታል። አንድ ቀን ጠላ ቤት ተቀምጬ ሁለት ጎልማሶች እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

"ቀይ በር ሲከፈት ድምፅ የለውም። ሐር ነው፣ ሐር!"

"ለሐሩ ብለህ በሬህን ሸጠህ የለ? አሁን በርህ ሐር ነው፤ አንተ በአህያ ታርሳለህ።"

"ዝም በል አንተ ባለ ጥቁር በር። ያንተ በር ለማንም ይከፈታል ይባላል።"

"ይከፈት! የሚገባው ምን ሊያገኝ? እኔ ቤት ያለው ቁንጫ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ወደዚያ መንደር ስመጣ የበሮቹ እንጨት የሚቆረጥበትን የግቢውን ደን አቋርጬ ነበር፤ ያየሁት ዛፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ልናገር አሰብኩና እንግዳ ነኝ ብዬ ተውኩት።

ያጠራጠረኝ ይህ ብቻ አይደለም። አዲስ በር ገበያ ላይ በታየ ሰሞን የድሮው በር ማቃሰት ይጀምራል። ትናንት በአንድ ቃል ይከፈት የነበረው ሁለቴ ሦስቴ ያስደግማል። የአያ ጓንጉል በር እንዲህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። "አርጅቷል፣ መለወጥ አለበት" ይላል እሱ። በሩ ከተተከለ ግን ሁለት ዓመት አልሞላውም። ከጎኑ ያለውን የበረት መዝጊያ የተከሉት አያቱ ናቸው፤ እሱ አላረጀም።

ደግሞ አንድ ቀን ማንጠግቦሽ ደጃፏ ላይ ቆማ "ኧረ የወፍጮዬ ድንጋይ አለቀ" አለች። ያለችው ለእኔ ነው። በማግስቱ የወፍጮ ድንጋይ በአህያ የጫነ ነጋዴ ደጃፏ ላይ ቆሞ አገኘችው። በስሟ ጠርቶ እንደምን አደርሽ አላት።

"ማን ነገረህ?" አለችው።

"ማን ይነግረኛል እመቤቴ? ልቤ ነገረኝ።"

ድንጋዩን ገዛችው፤ ያስፈልጋት ነበርና። ከዚያ ወዲህ ግን በደጁ ስታልፍ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። አያ ጓንጉል ይስቅባታል። "የምደብቀው የለኝ፣ ምን ያስፈራኛል? ሌባ ይፍራ!" ይላል፤ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ጮክ ብሎ። ስለ አጋፋሪው ሊያወራኝ ሲፈልግ ግን ከብቶቹ ዘንድ ይወስደኝ ነበር።

አሁን ስለ እድሳቱ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

በሮቹ በየጊዜው ይታደሳሉ። በእድሳት ቀን አጋፋሪው ለፋፊውን አስከትሎ ይመጣና መንደሩ ከሾላው ሥር ይሰበሰባል። ለፋፊው የእድሳቱን ቃል በቃሉ ይናገራል። ሕዝቡ "እሺ" ሲል በሮቹ ከያሉበት ሰምተው በአዲሱ ቃል ይገዛሉ። ሕዝቡ "እሺ" ሳይል ለፋፊው ማቋረጥ አይችልም፤ ሕዝቡም አጋፋሪው እዚያ እያለ "እሺ" ሳይል መበተን አይችልም። ቃሉ እጅግ ረጅም ነው ይባላል። ይባላል የምለው እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው ስለሌለ ነው። ሰዉ ሥራ አለበት፤ ከብት አለበት፤ ወጥ ጥዶ የመጣ አለ። ስለዚህ ለፋፊው ሦስተኛውን ዐረፍተ ነገር እንደጨረሰ "እሺ!" ብሎ ይበተናል። ያ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይኸው ነው፦

"በሩን ወይም ግድግዳውን የሰበረ የገዛ ቤቱ ሌባ ነው። በአንድ መንደር አንድ ግድግዳ ቢሰበር የመንደሩ በሮች ሁሉ ነገሩ እስኪጣራ ይዘጋሉ። በሩ አይሳሳትም።"

ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል። አባሮሽ ሲጫወቱ አንዱ "በሩ አይሳሳትም!" ብሎ ሲጮህ ሌሎቹ "እሺ!" ብለው ይበተናሉ።

የአያ ጓንጉል ጎረቤት ደብሪቱ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። በድምፅዋ ትታወቅ ነበር፤ ልጆቿን ስትጠራ ከወንዙ ማዶ ያሉ ፍየሎች ቀና ይላሉ እያሉ ይቀልዱባታል። በዚያ ክረምት መግቢያ እህቷ ሞታባት ቀናት ሙሉ ስታለቅስ ሰነበተች። ከለቅሶው የተመለሰችው በእድሳቱ ቀን ነው። ጉሮሮዋ ተዘግቶ የሚወጣው ድምፅ ደረቅ ቆዳ ሲጎተት የሚሰማውን ይመስል ነበር። እንደ ሰዉ ሁሉ ሾላው ሥር ቆማ እንደ ሰዉ ሁሉ "እሺ" አለች። በሩም ያን "እሺ" የደብሪቱ ድምፅ ብሎ ያዘው።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም፤ ጎርናና እስከነበረች ድረስ በሩ ይከፈትላት ነበር። አንድ ማለዳ ግን ጉሮሮዋ ተሽሏት፣ ደስ ብሏት፣ ልጆቿን አስከትላ ወንዝ ወርዳ ስትመለስ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ "ደብሪቱ ነኝ" አለች። በሩ ዝም አለ።

"ደብሪቱ ነኝ።"

ዝም።

"ምን ነካህ? ደብሪቱ ነኝ እኮ!"

ጎረቤት ወጥቶ ያያል። እኔም ወጣሁ። ልጆቿ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቆይተው እናታቸው እንዳልሳቀች አዩ።

ቤቱ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር የዘር ገብሷ ነበር። በጎታ ሙሉ አስቀምጣዋለች፤ ሌላ ዘር የላትም። በዚያ አገር ገብስ የሚዘራው የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አርሶ ሳያጨቀየው ነው። ከዚያ ያለፈ እሸት ሳይሆን ውርጭ ይበላዋል። ዝናቡ ደግሞ የጣለው በዚያው ሳምንት ነው። ማሳዋ ታርሶ ይጠብቃል። ዘር ለማበደር የሚተርፈው ሰው በመንደሩ አልነበረም።

"ግቢው ሄደሽ ደጅ ጥኚ" አላት አያ ጓንጉል። ወደ እኔ ዞሮም "አንተ እንግዳ፣ ሥራ የለህም፤ አብረሃት ሂድ" አለኝ። ስለዚህ የግቢውን ነገር ያየሁት በዓይኔ ነው።

በአቤቱታው ደጅ ሰው የለም። ከግድግዳው የወጣ ትልቅ የበሬ ቀንድ አለ። ባለጉዳይ ወደ ቀንዱ ሲናገር ከውስጥ አንድ ድምፅ ይመልስለታል።

"አቤቱታሽ በእኛ ዘንድ የከበረ ነው። ተራሽን ጠብቂ" አላት።

ከእኛ በፊት ማንም አልነበረም። ቢሆንም ጠበቅን። ከውስጥ ዋሽንት ይነፋ ጀመር። ዋሽንቱ ሲያበቃ "አቤቱታሽ በእኛ ዘንድ የከበረ ነው" አለ ቀንዱ። እንደገና ዋሽንት።

"አንተ ቀንድ!" አለች ደብሪቱ። "የከበረ ከሆነ ክፈትልኛ!"

ዋሽንቱ ቀጠለ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ አንድ መርማሪ ወጣ። ወጣት ነው፤ እሱም ሳይበላ የዋለ ይመስላል።

"መጀመሪያ ሰው መሆንሽ ይጣራል" አላት።

"ምን መሆኔ?"

"ደንብ ነው እናቴ። ጅብ በሰው ድምፅ እየመጣ አስቸግሮናል።"

የብራና ሥዕሎች መሬት ላይ ዘረጋና በቅሎ ያለባቸውን እንድታሳየው ጠየቃት። በጣቷ አንድ በአንድ አሳየችው። አንደኛው ሥዕል ላይ ግን ከዛፍ ጀርባ የምትታይ የጭራ ጫፍ ብቻ ነበረች።

"ይቺስ?"

"ጭራ ናት።"

"የበቅሎ ናት?"

"የፈረስም ልትሆን ትችላለች። እንጃ፤ ዛፉ ከልሎታል።"

መርማሪው ፈገግ አለ። "ጅብ ቢሆን 'እንጃ' አይልም ነበር። ሰው ነሽ።" ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት። "በልጅነትሽ የምትወጂው ጥጃ ስሙ ማን ነበር?"

"ቡላል።"

"ልክ ነው።"

"እግዜር ይስጥህ! በል አሁን ክፈት በለው።"

"መልሱ ልክ ነው" አለ መርማሪው፤ ያዘነ ይመስል ነበር። "ድምፁ ግን የደብሪቱ አይደለም። ስለዚህ የደብሪቱን ምስጢር የምታውቂ ሌላ ሴት ነሽ ማለት ነው። ይህ ደግሞ የባሰ ነው።"

 ደብሪቱ ወደ እኔ ዞር አለችና "ይህን የጥጃ ስም የነገርኩት ለልጆቼ ብቻ ነው" አለችኝ። "ቤቴ ውስጥ ነው የነገርኳቸው። በሩ ተዘግቶ።"

ወደ መንደር ስንመለስ አጋፋሪ ስንሻው መንገድ ላይ አገኘን። ነገሩን ሰምቷል። አንገቱን አዘንብሎ በትዕግሥት አዳመጣት።

"ጌታዬ፣ እርስዎ ያውቁኛል" አለችው። "ሠርጌ ላይ በልተዋል። ባሌን ቀብረዋል። ደብሪቱ አይደለሁም?"

"በዓይኔ ሳይሽ ደብሪቱ ነሽ" አላት። "ግን የእኔ ዓይን ምን ዋጋ አለው? ዓይን ይሳሳታል። በሩ አይሳሳትም። የተሳሳተው እንግዲህ ጉሮሮሽ ነው።"

"ታመምኩ፣ ዳንኩ። መዳን ስህተት ነው?"

"እሺ ያልሽው በየትኛው ድምፅ ነው?"

"በታመመው።"

"ስለዚህ ድምፅሽ እሱ ነው። ወደ ትክክለኛው ድምፅሽ ተመለሺ፤ ሁሉም ይስተካከላል" አለና እጅ ነስቶ ሄደ።

በማግስቱ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ወረደ። ሲያባራ ደብሪቱ ዶማ ይዛ በቤቷ ጀርባ ቆመች። የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ለአንድ ጎበዝ ሴት የጥቂት ጊዜ ሥራ ነው። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሶ ስለነበር ጎረቤቶቿ መጥተው በእሷና በግድግዳው መካከል ተሰለፉ። ባለ ቀይ በሮችና ባለ ጥቁር በሮች ትከሻ ለትከሻ ሲቆሙ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"እቴ ደብሪቱ፣ እባክሽ" አላት አያ ጓንጉል። "አንድ ግድግዳ ከተሰበረ የሁላችንም በር ይዘጋል። የሁላችንም ዘር ውስጥ ነው።"

"የእናንተ ዘር ውስጥ ነው። የኔም ውስጥ ነው" አለች። "ልዩነቱ እናንተ ትገባላችሁ።"

"እኛ ምን እናድርግ ታዲያ? ሕግ ነው። 'እሺ' ብለናል።"

"ለምኑ ነው እሺ ያልከው አያ ጓንጉል? ንገረኝ። ከሦስተኛው ቃል በኋላ ምን ይላል?"

አያ ጓንጉል ጭቃውን አየ።  ደብሪቱ ዶማውን ወደ ላይ አነሣች። ልትመታ ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ሳትመታ ትቀር ይሆን ብዬም ፈራሁ። በመጨረሻ ዶማውን ጣለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ አፏን ከሸፈነችበት ነጠላ አወጣች። "አጋፋሪው ወደ ታመመው ድምፅሽ ተመለሺ ብሎሽ የለ?" አለች። "ታዲያ እናልቅስ።"

"ሰው ሳይሞት? ሟርት ነው!" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"ማንን ብለን ነው የምናለቅሰው?" አለ ሌላው።

"ድምፄን" አለች ደብሪቱ ከተቀመጠችበት። "ድምፄን አልቅሱልኝ። ደህና ድምፅ ነበር።"

ነገሩ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አደገደጉ፤ ወንዶቹ እየተሳሳቁ ቆሙ። ሙሾ የምታወርድ አንዲት ሴት ከመካከል ወጥታ እንዲህ አለች፦

ገብሱ ቤት ተዘግቶ ዝናቡ ደጅ ቆሞ፣
እንጨት ሰው አላውቅም ይለናል ተሸልሞ።

ከዚህ በኋላ የሳቀ ሰው አላየሁም። አንዱ ስለ በሩ የሸጠውን በሬ አስታውሶ አለቀሰ። አንዷ ባሏን ደጅ ስትጠብቅ ዝናብ የመታውን ሕፃኗን አስታውሳ አለቀሰች። አንድ ጎልማሳ ከወንድሙ ጋር በቀይና በጥቁር ተጣልተው ወንድሙ ሳይታረቁ እንደሞተ እየጮኸ ተናገረ። አያ ጓንጉል፣ ያ የሚደብቀው የሌለው ሰው፣ ምን ብሎ እንዳለቀሰ አልሰማሁም፤ ደረቱን ግን ሲመታ አይቻለሁ። ደብሪቱ በመካከላቸው ስለ እህቷም፣ ስለ ባሏም፣ ስለ ገብሷም ጮኸች። ለቅሶው የቆመው ድምፅ ሲያልቅባቸው ነው።

ደብሪቱ ተነስታ ወደ በሯ ሄደች። ሰዉ ሁሉ ተከተላት። ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

"ደብሪቱ ነኝ" አለች። ድምፁ እንደ ደረቅ ቆዳ ተንኮሻኮሸ።

በሩ ተከፈተ።

እልል ለማለት የሞከሩ ሴቶች ነበሩ፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ደብሪቱ መጀመሪያ ያደረገችው የወፍጮ መጇን አንከባላ ደፉ ላይ ማስደገፍ ነው፤ በሩ እንዳይዘጋ። ከዚያ ጎታውን ከፈተች። ገብሱ ደህና ነበር።

ሰዉ ደስ ብሎት ወደየቤቱ ተበተነ። እኔም አያ ጓንጉልን ተከትዬ ሄድኩ። ወደ በሩ ጠጋ ብሎ "ጓንጉል ነኝ" አለ። በሩ ዝም አለ።

ጉሮሮውን ጠረገና እንደገና አለ። በሩ ዝም አለ። ከመንገዱ ማዶ ሌላው ስሙን ይናገራል፤ ከታች ሌላው። መንደሩ በሙሉ በጎርናና ድምፅ ስሙን ሲጠራ ይሰማል። አንድም በር አልተከፈተም።

አያ ጓንጉል ዞሮ ሚስቱን አያት። "ይህን አላሰብንበትም" አለ።

ማንጠግቦሽ መሳቅ ጀመረች፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ነበር፤ ዕንባዋ እየወረደ። ዝናቡ እንደገና ጣለ። በመንደሩ የተከፈተ ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ሁሉም እዚያ ገባ። ቀይና ጥቁር ሳይባል ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተን ተቀመጥን። ደብሪቱ ቆሎ ቆላች።

ነግቶ ሲያባራ ሰዎቹ የሚዘሩት ዘር አልነበራቸውም። ሞፈርና ቀንበራቸው ግን ውጭ ነበር፤ በሬዎቻቸውም በረት ነበሩ። ስለዚህ ሁሉም የደብሪቱን ማሳ ሊዘሩ ወጡ። ያን ያህል ጥማድ በአንዲት ማሳ ላይ አይቼ አላውቅም።

በዚህ መካከል አጋፋሪ ስንሻው ለፋፊውን አስከትሎ መጣ። የመንደሩ በሮች ሁሉ ባለቤቶቻቸውን እንዳላወቋቸው ግቢው ሰምቷል፤ እንዴት እንደሰማ አልጠየቅሁም።

"አትጨነቁ" አለ አንገቱን አዘንብሎ። "ሊቀ መዝጊያ አዝነውላችኋል። አሁኑኑ አዲስ እድሳት ይደረጋል። 'እሺ' ትላላችሁ፣ በሮቹ አሁን ያላችሁን ድምፅ ይይዛሉ፣ ትገባላችሁ። በቃ።"

ለፋፊው ጉብታ ላይ ወጣ። "በሩን ወይም ግድግዳውን የሰበረ የገዛ ቤቱ ሌባ ነው። በአንድ መንደር አንድ ግድግዳ ቢሰበር የመንደሩ በሮች ሁሉ ነገሩ እስኪጣራ ይዘጋሉ። በሩ አይሳሳትም።"

የሁሉም አፍ ሲከፈት አየሁ። ልማድ ነው። ደብሪቱ ግን እጇ ላይ የነበረውን ዘር በትና በመካከላቸው ሮጠች።

"አፋችሁን ዝጉ!" አለች በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ። "በዚህ ድምፅ እሺ ካላችሁ ስትድኑ እንደኔ ትሆናላችሁ! ጓንጉል፣ ዝጋ! አንተም ዝጋ!"

አያ ጓንጉል አፉን በእጁ ያዘ። ሌሎቹም ያዙ። የሁሉም ዘር ከበሩ ጀርባ ነው፤ ዝናቡም ለማንም አይቆይም፤ አንድ ቃል ብቻ ቢሉ ዛሬውኑ ይገባሉ። ዝም አሉ።

አጋፋሪው ጠበቀ። ለፋፊው ጠበቀ። ደንቡ ግን "እሺ" ሳይባል ማቋረጥ አይፈቅድም።

"ቀጥል እንጂ" አለው አጋፋሪው።

ለፋፊው ወዲያና ወዲህ አየ። "ጌታዬ" አለ፣ "ከዚህ በኋላ ያለውን አልተማርኩትም።"

"እንዴት አልተማርክም?"

"ያስተማሩኝ መምህሬም እስከዚህ ነው የሚያውቁት። ከዚህ አልፎ የጠየቀ ሕዝብ የለም።"

አጋፋሪ ስንሻው ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱ ቀና አለ።  ተከታዩን ቃል ከግቢው ጠይቆ እንደሚመለስ ተናገረና ሄደ። ለፋፊው እስከዚያ ማቋረጥ ስለማይችል ጉብታው ላይ ቆሞ ቀረ፤ ማንጠግቦሽ ቆሎ ወሰደችለት።

መንደሩ ዝምታ ገባ። ጉሮሮ እንዲድን ሁሉም ተልባ ይጠጣል፤ ማንም አይነጋገርም። በጥቅሻና በእጅ ነበር የምንግባባው። መጀመሪያ የዳኑት የሚጮሁበት ልጅ የሌላቸው ናቸው። አንድ በአንድ ወደየበራቸው እየሄዱ ቀስ ብለው ስማቸውን ተናገሩ፤ በሮቹም ተከፈቱ። ሁሉም ደርሶላቸው ዘሩ ማለት አልችልም፤ እርግጠኛ አይደለሁም። አያ ጓንጉል ግን ደርሶለታል፤ አብሬው ዘርቻለሁ።

ከዚያ ያየሁት ነገር ይህ ነው። ደብሪቱ ከቤቷ ጀርባ፣ ከፍ ባለው ደረቅ ቦታ፣ ጉድጓድ ቆፈረች። ውስጡን በገለባ እሳት አደረቀችው፤ ከዘር የተረፈውን ገብስ ከሌላው እህሏ ጋር ገለበጠችበት፤ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድና አፈር መለሰችበት፤ ከላዩ ጎመን ተከለች። ማንም ምን እያደረግሽ ነው አላላትም። በሳምንቱ ግን አያ ጓንጉል "ጎመን መትከል አስቤያለሁ" አለኝ። ያለኝም ከብቶቹ ዘንድ ወስዶኝ ነው።

አጋፋሪው ሲመለስ ለፋፊው አሁንም ጉብታው ላይ ነበር። ያ ተከታይ ቃል ተገኝቶ ይሁን አይሁን አላወቅሁም፤ ምክንያቱም ሕዝቡ በተሰበሰበ ጊዜ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር እንዳለቀ በአንድ አፍ "እሺ!" ብሎ ተበተነ። አጋፋሪው ተደሰተ። ደብሪቱ ብቻ ዝም ብላ ቆማ ነበር። እኔም በማግስቱ ያን አገር ለቅቄ ወጣሁ።

ከዓመታት በኋላ ከዚያ መንደር ገብስ ሲሸምት የነበረ አንድ ጨው ነጋዴ አገኘሁ። የበር ግቢ ሰሞኑን አዋጅ ማስነገሩን ነገረኝ፦ ባለ ጆሮ በሮች ጥበቃቸውን ስላጠናከሩ ከዚያ መንደር ቤቶች አንዲት ቅንጣት እህል ተሰርቃ አታውቅም የሚል ነው። ተጠራጠርኩ፤ ነጋዴውንም ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ ሌሎች ወደዚያ የሚወርዱ ሁለት ሰዎችንም ለየብቻ ጠየቅሁ። አዋጁ እውነት ነው። በዚያ መንደር ቤት ውስጥ እህል የሚያስቀምጥ ሰው የለም።